ሐሙስ ረፋድ የተዘጋው በር፦ የባለባንኩ የጄይ ኩክ ጉዳይ

ሴፕቴምበር 17 ቀን 1873 ማታ፣ ከፊላደልፊያ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ግዙፍ ቤት ትልቅ እንግዳ አድሮ ነበር። እንግዳው ፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንት ነው። የቤቱ ጌታ ደግሞ ጄይ ኩክ። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ከሱ በላይ የሚታመን ባለባንክ ማግኘት ይከብድ ነበር። ሲነጋ ሐሙስ ነው። ቁርስ ላይ እያሉ ከኒውዮርክ መጥፎ ቴሌግራም ይመጣ ነበር ይባላል። ኩክ ያነባል፣ ዝም ይላል። እንግዳውን በወጉ ሸኘና ወደ ቢሮው ሄደ።

ረፋዱ ላይ የኒውዮርኩ ቅርንጫፍ በሩን ዘጋ። ያስዘጋው ሸሪኩ ሃሪስ ፋንስቶክ ነው፤ ኩክን ሳያስፈቅድ። ወሬው ፊላደልፊያ ሲደርስ ዋናው መሥሪያ ቤትም ተዘጋ። የዋሽንግተኑም ተከተለ። ኩክ እንባው እንዳይታይበት ፊቱን አዞረ ይላሉ። «ጄይ ኩክ ከሰረ!» እያለ መንገድ ላይ የጮኸ ጋዜጣ አዟሪ ልጅ በፖሊስ ተያዘ የሚል ታሪክም አለ። ፖሊሱ ላይ አልፈርድም። ያን ቀን ጠዋት እንዲህ የሚል ሰው ወይ እብድ ወይ ቀጣፊ መስሎ ነበር የሚታየው።

ኩክ ሌባ አልነበረም። ጉዳዩን እንድጽፈው ያደረገኝም ይኸው ነው። አጭበርባሪ ባለባንክ ሞልቷል፣ ታሪኩም ያው ነው፤ ሰረቀ፣ ተያዘ ወይም አመለጠ። ይህኛው ግን የሚሸጠውን ነገር ከልቡ ያምንበት ነበር። ከፍ ያደረገውም ያ እምነቱ ነው፣ የጣለውም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።)

ከሳንደስኪ የመጣው ልጅ

ኩክ በ1821 በኦሃዮ፣ ኢሪ ሐይቅ ዳር ባለችው ሳንደስኪ ተወለደ። አባቱ ኤሉቴሮስ ኩክ ጠበቃ ነበር፤ አንድ ጊዜ ኮንግረስም ገብቷል። ልጁ ግን ኮሌጅ የሚባል ነገር አላየም። በ14 ዓመቱ ሱቅ ውስጥ ጸሐፊ ሆነ። ሴንት ሉዊስ ሄዶ ሞከረ። በ1838 ፊላደልፊያ መጥቶ የእህቱ ባል የትራንስፖርት ድርጅት ውስጥ ገባ፤ ድርጅቱ ከሰረ። በ1839 ኢ. ደብሊው. ክላርክ የሚባል የባንክ ቤት ቀጠረው። 21 ዓመት ሲሞላው እዚያው ሸሪክ ሆነ።

የዚያን ዘመን የባንክ ጸሐፊ ሥራ ዛሬ ከምናውቀው ጋር አይገናኝም። አሜሪካ አንድ ወጥ የወረቀት ገንዘብ አልነበራትም። እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ኖት ያትማል። አንድ ነጋዴ ከየክፍለ ግዛቱ የለቀመውን የኖት ጥቅል ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ጸሐፊው አንድ በአንድ ያያል። ይሄ ሐሰተኛ ነው። ይሄኛውን ያወጣው ባንክ ሞቷል። ይሄ ደህና ነው፣ ግን ከሩቅ ስለመጣ በቅናሽ ነው የሚመነዘረው። ኩክ በዚህ ተካነ። ወረቀት ገንዘብ የሚሆነው ሰው ሲያምነው ብቻ እንደሆነ ለማወቅ ከዚያ ጠረጴዛ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም።

ከ1857ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ክላርክን ለቀቀ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1861 ጄይ ኩክ ኤንድ ካምፓኒን ከፈተ። አራት ወር ሳይሞላው የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳ።

በቀን ሁለት ሳንቲም

ጦርነት ገንዘብ ይበላል። መንግሥት ቀድሞ እንደለመደው ወደ ትልልቅ ባንኮች ሄደ። ባንኮቹ ደግሞ ቅናሽ ጠየቁ። ኩክ በ1861 ለፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት የ3 ሚሊዮን ዶላር የጦር ብድር ሲያሰባስብ አንድ ነገር አሳየ። በአገር ፍቅር ከለመኑት፣ ሰው ያለ ምንም ቅናሽ ይገዛል።

ይህን ወሬ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሳልመን ቼዝ ሰማ። እዚህ ላይ ትውውቅም ሠርቷል፤ መደበቅ የለበትም። የኩክ ወንድም ሄንሪ ኦሃዮ ውስጥ ጋዜጠኛ ነበር፣ የቼዝም ወዳጅ። ቼዝ ደግሞ የኦሃዮ ሰው ነው። በኦክቶበር 1862 ኩክ የ500 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ እንዲሸጥ የመንግሥት ወኪል ሆኖ ተሾመ።

ቦንዱ «አምስት-ሃያ» ይባል ነበር። መንግሥት ከ5 ዓመት በኋላ መክፈል ይችላል፣ በ20 ዓመት ግን የግዱን ይከፍላል። ወለዱ 6 በመቶ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ወለዱ የሚከፈልበት ገንዘብ ላይ ነው። ገዢው ቦንዱን በወረቀት ገንዘብ ይገዛል፣ ወለዱን ግን በወርቅ ይቀበላል። ጦርነቱ እየከፋ ሲሄድ የወረቀቱ ዶላር ዋጋ ከወርቁ ግማሽ በታች የወረደበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ 6 በመቶው ለሚያሰላ ሰው ከ6 በጣም ይበልጣል። የአገር ፍቅር ጥሩ ነው፤ ሒሳቡም አብሮ ሲያምር ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ኩክ 2,500 ያህል ወኪሎች በየከተማውና በየገጠሩ አሰማራ። ትንሹ ቦንድ 50 ዶላር ነበር፤ መምህር፣ አንጥረኛ፣ መበለት፣ ወታደር መግዛት ይችላል። ጋዜጦችን በማስታወቂያ አጥለቀለቃቸው። ማስታወቂያ የሰጠው አዘጋጅ ጥሩ ዜና ቢጽፍም አይከፋውም። በጣም የምወድለት አንዱን ነው። የበርክስ ካውንቲ ገበሬ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ኩክ ይመልሳል፣ ሁሉም ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ቦንዱን ለምን ልግዛ? ወለዱን ማን ይከፍለኛል? ገንዘቤ ቢያስፈልገኝስ? አንባቢው ሊጠይቅ ያፈረውን ገበሬው ይጠይቅለታል። ከዚያ በፊት በአሜሪካ ቦንድ እንዲህ ቤት ለቤት፣ እንደ ሳሙና የሸጠ የለም።

በጃንዋሪ 1864 ሽያጩ ከ500 ሚሊዮን ዶላር አልፎ ተጠናቀቀ። የኩክ ኮሚሽን ከመጀመሪያው 10 ሚሊዮን በኋላ ከየ100 ዶላሩ 37 ሳንቲም ተኩል ነበር። ለወኪሎቹም ለማስታወቂያውም የሚከፍለው ከዚያው ነው። ቢሆንም ኮንግረስ ውስጥ «አንድ ሰው ብቻ ለምን ይጠቀማል?» የሚል ጉርምርምታ ተነሳ። ቼዝ ፈራና ቀጣዩን ቦንድ ያለ ኩክ ለመሸጥ ሞከረ፤ ወለዱንም 5 በመቶ አደረገው። አልተሳካም። በ1865 መጀመሪያ አዲሱ ኃላፊ ዊልያም ፌሰንደን ኩክን መልሶ ጠራው።

በዚህ ጊዜ የሚሸጠው «ሰባት-ሠላሳ» የሚባለው ሰነድ ነው። ወለዱ 7.30 በመቶ። ቁጥሩ ለምን እንዲህ እንደተቆረጠ ያልገባው በ365 ያካፍለው። በ100 ዶላር ላይ በቀን ልክ ሁለት ሳንቲም ይወጣል። በ50 ዶላር አንድ ሳንቲም። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ሲተኛና ሲነሳ ስንት እንዳገኘ ያውቃል። ኩክ ሠራተኞች ከሥራ ሲወጡ እንዲገዙ በማታ የሚከፈቱ ቢሮዎች አዘጋጀ። ከፌብሩዋሪ እስከ ጁላይ 1865 ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸጠ። ወታደሩ ደመወዙን አገኘ፣ ጦርነቱም አለቀ።

የያዕቆብ ሒሳብ

ሰውየው ጥብቅ ሃይማኖተኛ ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ አይጠጣም። ከድርጅቱ ትርፍ አንድ አስረኛው ለቤተ ክርስቲያንና ለድሆች ይወጣል። በሒሳብ መዝገቡ ላይ ይህ ገንዘብ የራሱ ስም ነበረው፤ «ሽማግሌው አባታችን ያዕቆብ»። ያዕቆብ በቤቴል «ከምትሰጠኝ ሁሉ አስራት እሰጥሃለሁ» ብሎ የተሳለውን ለማስታወስ ነው። ከየሸሪኩ ሒሳብ ጎን የያዕቆብም ሒሳብ ነበረ ማለት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ኦጎንትዝ የሚባለውን ቤት ሠራ። ከ50 በላይ ክፍል ያለው፣ 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት ቤት ነው። ስሙን የወሰደው በልጅነቱ ሳንደስኪ ከሚያውቀው የዋያንዶት ሕዝብ አለቃ ነው። ኢሪ ሐይቅ ላይም ጅብራልታር የምትባል ትንሽ ደሴት ገዝቶ ዓሣ ያጠምድባት ነበር። ቀሳውስትን እየጋበዘ ያሳርፍባታል። እግዚአብሔር ለዚህ ሥራ መርጦኛል ብሎ ያምን ነበር። ሲሳካልህ እንዲህ ማሰብ ቀላል ነው። አንድ ችግር አለው፤ የተመረጠ ሰው አቁም ሲሉት አይሰማም።

ባቡሩ

ኖርዘርን ፓሲፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ በ1864 በሊንከን ፊርማ ተቋቋመ። ዓላማው ከሱፒሪየር ሐይቅ እስከ ፓሲፊክ ዳርቻ ሐዲድ መዘርጋት ነው። መንግሥት ጥሬ ገንዘብ አልሰጠውም፤ መሬት ሰጠው። ከ40 ሚሊዮን ኤከር በላይ። መሬቱ የሚገኘው ግን ሐዲዱ በተዘረጋ ቁጥር ነው። መሬቱን ለመሸጥ ሰፋሪ ያስፈልጋል፣ ሰፋሪ እንዲመጣ ባቡር ያስፈልጋል፣ ባቡሩ እንዲሠራ ደግሞ ገንዘብ። ገንዘቡ ከመሬቱ ይመጣል ተብሎ ነበር። አዙሪቱን አያችሁት?

ኩክ ይህን ሥራ በ1870 መጀመሪያ ተረከበ። የ100 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ሊሸጥ ተዋዋለ። ከእያንዳንዱ 100 ዶላር 88ቱ ለባቡሩ፣ 12ቱ ለሱ ቤት፤ በተጨማሪ አክሲዮን። ከጦርነቱ 37 ሳንቲም ጋር አስተያዩት። ወለዱስ ስንት ነው? 7.30 በመቶ። ያችው ቁጥር። ሕዝቡ በጦርነቱ ጊዜ የለመዳትንና ያመናትን ቁጥር ባቡሩ ላይ ለጠፋት። ማስታወቂያውም፣ ወኪሎቹም፣ ቃላቱም የድሮዎቹ ናቸው።

ለኔ የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው። ኩክ የጦርነቱን ቦንድ የሸጠው በራሱ ችሎታ ይመስለው ነበር። ችሎታ አልጎደለውም። ግን ከዚያኛው ወረቀት ጀርባ ግብር የሚሰበስብ መንግሥት ነበረ። ከዚህኛው ጀርባ ያለው ደንና በረዶ ነው፣ ገና ሰው ያልሰፈረበት።

በረዶውን ለማስረሳት ብዙ ተለፋ። የሰሜኑ አየር ለስላሳ መሆኑን የሚያሳዩ ካርታዎች ታተሙ። ቀልደኞች መስመሩን «የጄይ ኩክ የሙዝ አገር» አሉት። ሚኒሶታ የሚኖር ሀበሻ ይህን ሲሰማ እንደሚስቅ እገምታለሁ። በጃንዋሪ 1871 ፕሮክተር ኖት የተባለ የኬንታኪ ተወካይ ኮንግረስ ውስጥ ተነስቶ የባቡሩን መነሻ፣ ሚኒሶታ ያለችውን የዱሉዝን ከተማ፣ በውዳሴ እያሽሟጠጠ ምክር ቤቱን በሳቅ ገደለው። ማስታወቂያው ግን ሁሉም ውሸት አልነበረም። የኩክ ሰዎች የየሎውስቶንን ፏፏቴና ፍል ውሃ ለማስተዋወቅ ገፉ፤ ለሠዓሊው ቶማስ ሞራን የጉዞ ገንዘብ ኩክ ራሱ 500 ዶላር አበደረው። የሎውስቶን በ1872 ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን የባቡሩ ሰዎች እጅ ነበረበት። ቱሪስት በምን ይሄዳል ታዲያ?

ገንዘቡ ከአውሮፓ ይመጣል ተብሎ ነበር። በጁላይ 1870 ፈረንሳይና ፕሩሲያ ጦርነት ገጠሙና የአውሮፓ ገበያ ተዘጋ። አገር ውስጥ ደግሞ በፊላደልፊያ ተፎካካሪው የድሬክሰል ባንክ ቤት ወገኖች ጠላቶቹ ነበሩ፤ የነሱ ጋዜጣ ባቡሩን ያብጠለጥላል። የክሬዲ ሞቢሊየር ቅሌት በ1872 ወጣ። የሌላ ባቡር ጉድ ቢሆንም «ባቡር» የሚለውን ቃል አቆሸሸው።

የምድሩ ነባር ሕዝቦች፣ ላኮታዎችም ነበሩ። ሐዲዱ የሚያልፍበትን መሬት የኩክ ካርታ ባዶ አድርጎ ያሳየዋል፤ ባዶ አልነበረም። ቀያሾቹ በወታደር ታጅበው ወደ የሎውስቶን ወንዝ ሸለቆ ሲገቡ ላኮታዎችና ሸያኖች ገጠሟቸው። በኦገስት 1872 በአንዱ ውጊያ ላይ የላኮታዎቹ መሪ ሲቲንግ ቡል ፒፓውን ይዞ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር በሁለቱ ወገኖች መካከል ሜዳ ላይ ቁጭ አለ። ጥይት በግራ በቀኝ ያፏጫል። ፒፓውን ለኮሰ፣ አጨሰ፣ ለጓደኞቹ አዞረ፣ ሲያልቅ ጠረገና በእርጋታ ተነስቶ ሄደ። በቀጣዩ ዓመትም ከአሜሪካዊው የጦር መኮንን ከኩስተር ጦር ጋር ውጊያ ሆነ። ይህን ጋዜጣ ላይ ያነበበ የኦሃዮ ገበሬ ያንን ቦንድ ይገዛል?

ቦንዱ አልሸጥ አለ፤ ግንባታው ግን አልቆመም። ሥራ ተቋራጩና ቀን ሠራተኛው ክፍያ ይጠብቃሉ። ኖርዘርን ፓሲፊክ ከኩክ ባንክ ያለውን ሒሳብ እያለፈ ማውጣት ጀመረ፤ ዛሬ ኦቨርድራፍት የምንለው ነው። የሚወጣው ገንዘብ ሰዎች «ስፈልገው እወስደዋለሁ» ብለው ያስቀመጡት ነው። ነገ ሊጠየቅ የሚችል ገንዘብ፣ ለሃያ ዓመት የማይመለስ ሐዲድ ውስጥ ገባ። ዕዳው ከ5 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ፋንስቶክ ይህን እያየ ደጋግሞ አስጠነቀቀ። ኩክ አቁም ቢባልም ማቆሚያው ጠፍቶት ነበር። ግማሽ መንገድ የቀረ ባቡር ዋጋ የለውም፤ አንድ ማይል ሲጨመር ግን መሬት ይገኛል። ለዚያ ሲል ሌላ ማይል ጨመረ። በጁን 1873 ሐዲዱ ከዱሉዝ 450 ማይል ያህል ርቃ ያለች አንዲት ሰፈር ደረሰ። ስሟን ቢስማርክ አሏት። ጀርመኖች ቦንድ ይገዙ እንደሆነ ብለው ነው።

ጀርመኖች አልገዙም። በሜይ የቪየና የአክሲዮን ገበያ ወድቆ አውሮፓ የራሱ ጣጣ ነበረበት። ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ ገበሬው መኸሩን ስለሚያነሳ፣ የምዕራብ ባንኮች ሁልጊዜም ከኒውዮርክ ጥሬ ገንዘብ ይስባሉ። ያ ሐሙስ የመጣው በዚህ ላይ ነው።

ከሐሙስ በኋላ

ዓርብ ብዙ ደላላ ቤቶች ተዘጉ። ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 20፣ የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ራሱ ተዘጋ። በታሪኩ የመጀመሪያው ነው፤ እስከ 30ኛው ቀን አልተከፈተም። ከአገሪቱ 364 የባቡር ኩባንያዎች 89ኙ ከሰሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ 18,000 ያህል ድርጅቶች ወደቁ። ችግሩ እስከ 1879 ዘለቀ። ኩክ ብቻውን አላመጣውም። አገሩ ሁሉ ሐዲድ አብዝቶ ነበር። ግን ክሩን የጎተተው እሱ ነው።

ኩክ ያለውን ሁሉ ለአበዳሪዎች አስረከበ። ኦጎንትዝንም ደሴቲቱንም። ከልጁ ቤት ተጠግቶ መኖር ጀመረ። አበዳሪዎቹ ካገኙት አንዱ የባቡሩ አክሲዮን ነበር፤ በትዕግሥት የያዙት ከሸጡት የተሻለ አገኙ።

ከዚያ አንድ የሚገርም ነገር ሆነ። በ1870ዎቹ መጨረሻ ዩታ ውስጥ ሆርን ሲልቨር የሚባል የብር ማዕድን ነበር፤ ብር ሞልቶ ማጓጓዣ የለውም። ኩክ ገንዘብ የለውም፣ ሰው ማሳመን ግን አልረሳም። የዩኒየን ፓሲፊኩን ጄይ ጉልድን አግባብቶ ሐዲድ እንዲገባ አደረገ፣ በድርሻውም ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ አገኘ። ጅብራልታርን መልሶ ገዛ። ኦጎንትዝንም መልሶ ገዛ፣ ግን አልገባበትም፤ ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት አከራየው። ኖርዘርን ፓሲፊክ በ1883 በሄንሪ ቪላርድ እጅ ተጠናቀቀ። ኩክ በ1891 ተሳፍሮ እስከ ፓሲፊክ ሄዶበታል። በፌብሩዋሪ 1905 በ83 ዓመቱ አረፈ።

ብዙ ጊዜ የኩክ ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሽማግሌው በራሱ ባቡር መስኮት ሲያይ። እኔ ግን አንድ ሌላ ባንክ ላነሳ ነው።

በማርች 1865 ነፃ ለወጡት ጥቁር አሜሪካውያን የፍሪድመንስ ቁጠባ ባንክ ተቋቋመ። ወታደሮች፣ የልብስ አጣቢ ሴቶች፣ ቀን ሠራተኞች ያስቀምጡበት ነበር። ገንዘቡ በመጀመሪያ በመንግሥት ቦንድ ላይ ብቻ እንዲውል ሕጉ ያስገድድ ነበር። በ1870 ሕጉ ላላ። የፋይናንስ ኮሚቴው ሰብሳቢ ማን ነው? ሄንሪ ኩክ፣ የጄይ ወንድም፣ የቼዝ ወዳጅ የነበረው ጋዜጠኛ። በሱ ጊዜ ባንኩ እስከ 500,000 ዶላር ለጄይ ኩክ ቤት በ5 በመቶ አበደረ። ባንኩ ራሱ ለአስቀማጮቹ እስከ 6 በመቶ ቃል ገብቶ ሳለ። ባንኩን የገደለው ይህ ብድር ብቻ ነው አልልም። ለዋሽንግተን ቤትና ቦታ በመጥፎ መያዣ የተሰጡ ብድሮች ነበሩ፣ ስርቆትም ነበረ። የ1873ቱ ድንጋጤ ግን አስቀማጩን ሁሉ ወደ መስኮቱ አሯሯጠ። በማርች 1874 የጥቁሮችን መብት ታጋይ ፍሬድሪክ ዳግላስን የባንኩ ፕሬዚዳንት አድርገው አስቀመጡት። ዳግላስ ባንኩ ጤነኛ መስሎት ከኪሱ 10,000 ዶላር አበደረው። በጁን መጨረሻ ባንኩ ተዘጋ።

61,144 አስቀማጮች ነበሩት። ያላቸው ሲደመር 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ለእያንዳንዱ ሲካፈል 49 ዶላር ይደርሰዋል፤ ኩክ በጦርነቱ ጊዜ ለድሃ ብሎ ካቀረበው ትንሹ ቦንድ አንድ ዶላር ያነሰ። ለማመልከት የቻሉት ለዓመታት በትንሽ በትንሹ እየተከፋፈለ 62 በመቶ ያህል ደረሳቸው። ብዙዎቹ ግን አንድም ሳንቲም አላገኙም።

ዋሽንግተን የምትኖሩ ሰዎች ባንኩ የነበረበትን ቦታ ታውቁታላችሁ። ፔንሲልቬንያ አቬኑ ላይ፣ ከግምጃ ቤቱ ፊት ለፊት፣ የላፋዬት አደባባይ ጥግ ላይ ነው። የድሮው ሕንፃ ፈርሷል። አሁን የቆመው የግምጃ ቤቱ አባሪ ሕንፃ ሲሆን በ2016 ስሙ ተቀይሮ የፍሪድመንስ ባንክ ሕንፃ ተባለ።